ላልተጸነሰ ልጅ

ቋሃር ሚካኤል፣ ፎገራ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለባየህ፣ ሐዋሳ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ድንጋይ የመታው እጅህ ዳነ ወይ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ውኃም እቀዳለሁ፤ ስለዚህ ደህና ናት በል። እናትህም ደህና ናቸው። ሩዙ ደርሷል፤ ወንድምህ ገበያው በዚህ ሳምንት አጨዳ ይጀምራል።

ይህን የሚያደርስልህ ደሳለው ነው። ሩዝ ጭኖ ወደ ሐዋሳ እንደሚሄድ ወረታ ገበያ ላይ ነገረኝ። ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ስልኩ በእናትህ እጅ ነው። ደግሞም ድምፅህን ስሰማ እንባ ይቀድመኛል፤ አንተም «ተይው በቃ» ትለኛለህ፤ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን የፈለግሁትን ያህል ብቆይ የሚያቋርጠኝ የለም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ብዙ ስላልጻፍሁ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ታገሠኝ።

ስለ ልጃችን የጠየቅኸኝን ልመልስ። በሰኔ ስትወለድና ስታርፍ አንተ አልነበርህም። እኔም «ታማ ነው» ብቻ ብዬ ነበር የነገርሁህ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልወጣልኝም። ፊቷ ያንተን ይመስል ነበር። ፀጉሯ ብዙ ነበር። ጀርባዋ ግን ከወገቧ በላይ ክፍት ነበር፤ ቆዳ አልሸፈነውም። እግሮቿን አታንቀሳቅስም ነበር። ወደ ደብረ ታቦር ላኩን፤ ሐኪሞቹም የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ትኩሳት ገባባትና በሳምንቷ አረፈች። ከማረፏ በፊት ቄስ ተጠርተው ተጠምቃለች፤ ስለዚህ ያረፈችው ከሚካኤል አጸድ ውስጥ ነው። ይህን ማወቅህ ደግ ነው።

ሰው የሚለው ብዙ ነው። አንዱ ቡዳ በላት ይላል። ሌላው ነፍሰ ጡር ሆና ርብን በሙላቱ ተሻግራለች ይላል። የወረታዋ አዋላጅ ሲስተር ይርጋለም ግን እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። የሕፃን ጀርባ የሚገጥመው በመጀመሪያው ወር ነው፤ ሴቲቱ መፀነሷን እንኳ ሳታውቅ። ለዚያ የሚረዳ ፎሊክ አሲድ የሚባል ቪታሚን አለ። በጎመን፣ በምስርና በሽምብራ ውስጥም ይገኛል፤ ከምግብ ብቻ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሁሉም ጉዳት ከእሱ ማነስ የመጣ ነው አትልም፤ ምክንያቱ የማይታወቅም አለ።

እኔ ጤና ጣቢያ የሄድሁት እንደ አገራችን ልማድ ሆዴ በነጠላ አልሸፈን ሲል ነው። ዓይን እንዳይገባብኝ ብዬ ደብቄው ነበር። የነፍሰ ጡሮቹን ቀይ ኪኒን ሰጡኝ፣ ዋጥሁ። ለደሜ ጠቅሞኛል። የእሷ ጀርባ ግን ከብዙ ጊዜ በፊት እንደሆነው ሆኖ ነበር።

ሌላም የምነግርህ አለ። አሁን ግን ደከመኝ።

አምሳል

*

ቋሃር ሚካኤል
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባየህ፤

ሰላምታህ አጭር ነበረች፤ የእኔም ትጠር።

አዎ፣ እናትህ ከጎታው ሥር ያገኙት ቢጫ ኪኒን የእኔ ነው። በየቀኑ አንድ እውጣለሁ። የወሊድ መከላከያ ግን አይደለም። «ያልደበቅሽው ነገር ከሆነ ለምን ከጎታ ሥር ተገኘ» ላልኸውም መልሱ ቀላል ነው። እርጉዝ ያልሆነች ሴት በየቀኑ ኪኒን ስትውጥ የሚያያት ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። እናትህም ያንኑ አሉ፤ ያውም በደቦው ላይ፣ አጫጁ ሁሉ በተሰበሰበበት። «ልጄ ሐዋሳ ድንጋይ ይፈልጣል፤ ሚስቱ እዚህ ማኅፀኗን ትቆልፋለች» አሉ። አንዷ ጎረቤታችን ደግሞ «ቁልፉን ደብረ ታቦር ለአንዱ ሰጥታው መጥታ ይሆናል» ብላ ሰውን አሳቀች። እኔ ማጭዴን ይዤ ሩዜን አጨድሁ።

ባለፈው ደብዳቤ ልነግርህ ያልቻልሁት ይህ ነበር። ደብረ ታቦር ያለው ሐኪም ነው ያዘዘልኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ሴት እንደገና ሊገጥማት ይችላል። ስለዚህ ለእሷ የሚታዘዘው ለሌላው ሴት ከሚሰጠው ብዙ ይበልጣል፤ አምስት ሚሊ ግራም ነው። ሌሎች ሴቶች ትንሹ መጠን ይበቃቸዋል። የሚጥል በሽታ ወይም የስኳር መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ደሜንም መረመረ። «በራስሽ አትጨምሪ፤ በራስሽም አታቋርጪ» አለኝ። ከመፅነሴ በፊት ሦስት ወር ያህል፣ ከፀነስሁም በኋላ ሦስት ወር እስኪሞላኝ እንድውጠው ነው ያዘዘኝ።

«ይህን ከዋጥሁ ልጄ ደህና ይሆናል?» አልሁት። «አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም» አለኝ። ይህንንም አልደብቅህም።

ስለዚህ አንድ ከባድ ነገር ልለምንህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ስለጀመርሁ፣ ለጥምቀት ስትመጣ ሦስቱ ወር ገና አይሞላልኝም። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። እስከ ፋሲካ ጠብቀኝ። እናትህ «ቶሎ ትውለድና ትርሳ» ይላሉ። ካልሆነም ሌላ አግባ እንዳሉህ ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ ከአንተ አፍ ልስማው። እኔ ለመርሳት አልወልድም፣ ባየህ። ልጅ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ መቅበር ግን አልችልም።

አምሳል

*

ሐዋሳ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአምሳል፤

ደሳለው ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ «የሚስትህ ወረቀት ከጫንሁት ሩዝ ይከብዳል፤ ሁለተኛ አስከፍላለሁ» ብሎ ቀለደብኝ። ሲያየኝ ግን ቀልዱን ትቶ ሄደ።

የጻፍሁልሽን ቃል መልሼ መዋጥ ብችል እውጠው ነበር። ስለ ፊቷና ስለ ፀጉሯ የጻፍሽልኝን ቆርጬ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ሌላውን ማንበብ አልደፍርም፤ እሱን ግን አነብበዋለሁ።

የሰማሽው እውነት ነው። እናቴ ሌላ አግባ ብላኛለች። እኔ እሺ አላልኋትም፤ እንቢም ግን ወዲያው አላልሁም። አሁን እንቢ ብያታለሁ።

የለመንሽኝም እሺ ነው። ለጥምቀት ስመጣ ከገበያው ቤት አድራለሁ። ሰው ይሳቅ። አብሮኝ የሚገነባው ሰውመሆን እንኳ «ከሐዋሳ ድረስ ተጉዘህ ከወንድምህ ጋር ልትተኛ? እዚሁ እኔ ጋር ተኛ እንጂ፣ ከመኪናው ወጪ ትተርፋለህ» ብሎ በሳቅ ሊሞት ነበር። ምክንያቱን ነገርሁት። ማታውን እህቱ ጋ ደውሎ ስለ ኪኒኑ ሲጠይቅ ሰማሁት፤ ልታገባ ነው አሉ።

እናቴን ግን በስልክ አልቻልኋትም። «ላልተጸነሰ ልጅ መድኃኒት የሚውጥ የት አገር አየህ? ላልተወለደ ጥጃ ሣር ይታጨዳል ወይ?» ትለኛለች። አንቺ መልስ ካገኘሽ ንገሪያት፤ ካላገኘሽም ተያት።

ባየህ

*

ቋሃር ሚካኤል
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባየህ፤

በደህና መግባትህን ሰምቼ አመሰገንሁ። ወጥቼ ያልሸኘሁህ ተቀይሜ አይደለም። ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ብወጣ ኖሮ «እደር» እልህ ነበር፤ አንተም ታድር ነበር፤ ልፋታችን ሁሉ በዚያ ያልቅ ነበር።

አሁን እናትህ የሆኑትን ልንገርህ። አንተ በሄድህ በማግሥቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና «ተነሽ፤ ወረታ እንሄዳለን። ሲስተርሽ ፊት ለፊቴ ትንገረኝ» አሉ። ባጃጅ ያዝን። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ተራ የያዙትን ሁሉ አልፈው ገቡና፣ ኪኒኔን ከመቀነታቸው ፈትተው ከጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አንቺ ልጅ፣ በሚካኤል ይዤሻለሁ። ይህ ማምከኛ ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም፣ እማማ።»

«እርጉዝ አይደለችም። ታዲያ ለማን ነው የምትውጠው?»

«ለሚመጣው።»

«የሚመጣ ሲመጣ አይደለም እንዴ?»

«ያን ጊዜ ይዘገያል። እርስዎ መፀነስዎን መቼ ያውቁ ነበር?»

«ሁለት ወር ሲያልፈኝ ነዋ። የገበያውንማ ሦስት አልፎኝ ነው ያወቅሁት፤ ሆዴን የነፋኝ ጓያው መስሎኝ።»

ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ሲስተር ይርጋለምም ሳቋን ይዛ፣ «እንግዲህ ያን ጊዜ ጀርባው ገጥሞ አልቋል፣ እማማ። ካልገጠመም አልገጠመም። ኪኒኑ ቀድሞ በሰውነቷ ካልጠበቀው ሊደርስለት አይችልም» አለች።

እናትህ በመስኮቱ ወደ ሜዳው አዩ።

«የርብ ክትር» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ጎርፉን የሚመልሰው ክትር የሚሠራው በግንቦት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ ነው። በሐምሌ ጎርፉ ከገባ በኋላ አፈር ታቅፎ የሚሮጠውን ከነአፈሩ ነው የሚወስደው። እንደዚያ ነው በይኛ!»

«እንደዚያ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ይህን በሰው ቋንቋ የሚነግረኝ እስካሁን የት ሄዶ ነበር?» ብለው ተቆጡን፤ ሁለታችንንም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ኪኒኑን ከመዳፌ አኖሩና ጣቶቼን አጥፈው ያዙልኝ። ይቅርታ አላሉም። ታውቃቸዋለህ። ወረታ መውጫ ላይ ሲደርሱ ግን «የዛሬውን ውጠሻል?» አሉኝ።

አምሳል

*

ቋሃር ሚካኤል
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባየህ፤

እንኳን ለጾሙ አደረሰህ። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር ሰምተህ ስለ ኪኒኑ መጨነቅህ ልክ ነው። አልቆብኝ ነበር። ወረታ ካሉት መድኃኒት ቤቶችም ቢጫው ጠፋ።

ከእኔ ይልቅ እናትህ እንቅልፍ አጡ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወጥተው ቆዩና የቀሚሳቸውን ጫፍ እንደ ቋጠሮ ይዘው ተመለሱ። ሲዘረግፉት ቀይ ኪኒን ነው፤ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው። ነፍሰ ጡሮቹ «ያቅለሸልሸኛል» እያሉ ሳይውጡ ያስቀመጡትን ከየቤቱ ለምነው ሰብስበውታል።

«የጤና ኤክስቴንሽኗን መስከረምን ጠይቄያታለሁ» አሉ። «በዚህም ውስጥ ፎሊኩ አለ፤ ትንሽ ነው እንጂ አለ። አንዱ ትንሽ ከሆነ አሥር መዋጥ ነዋ! በይ ውኃ አምጪ።»

አሥሩን ለይተው በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ። እኒያ በደቦ መሐል ያዋረዱኝ ሴትዮ በዚያ ፀሐይ መንደሩን ሁሉ ለእኔ ሲለምኑ መዋላቸውን ሳስብ፣ እንቢ ማለት ከበደኝ። ቢሆንም ሐኪሙ «በራስሽ አትጨምሪ» ያለኝ አለ። ስልኩን ተቀብዬ ወደ ሲስተር ይርጋለም ደወልሁ።

«እንዳትነኪው!» ብላ ጮኸች፤ እናትህም ሰሟት። ቀዩ ፎሊክ ብቻ አይደለም፤ ለደም የሚሆን አይረን አለበት። ለነፍሰ ጡር በቀን አንዱ መድኃኒት ነው። አሥሩን በአንድ ላይ መዋጥ ግን መርዝ ነው፤ ሆድ ያቃጥላል፣ ጉበት ይጎዳል። ሕፃን ቢያገኘው ሊገድለው ይችላል፤ ስለዚህ እጁ ከማይደርስበት ይቀመጥ አለች።

እናትህ ከመደቡ ላይ ቁጭ አሉ። «በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር» አሉ። «እማማ፣ ለእኔ አስበው ነው» አልኋቸው።

በማግሥቱ ኪኒኑን ለየባለቤቶቹ መልሰው አዞሩት። አሁንማ ሌላ ሰው ሆነዋል። በየደጁ ቆመው «በቀን አንዱን! ቡናና ሻይ ላይ እንዳትውጪው! ልጆች ካሉበት እንዳታኖሪው!» ይላሉ። መስከረም «ሥራዬን ወሰዱብኝ» እያለች ትስቃለች።

መንገዱ በተከፈተ ጊዜ የሐኪሙን ማዘዣ ይዘው ራሳቸው ደብረ ታቦር ሄደው ቢጫውን አመጡልኝ። የተቋረጠብኝ ጥቂት ቀን ነው። ያመለጠኝን ደርቤ እንዳልውጥ፣ አንድ አንዱን እንድቀጥል ነግረውኛል። ቄስ ተክለ ማርያምንም ስለ ጾሙ ጠይቄያቸዋለሁ። «ከሰዓት በኋላ ዋጪው፤ መድኃኒቱንም የፈጠረ እሱ ነው» አሉኝ።

የቀረውን በፋሲካ በአፍ እንነጋገራለን።

አምሳል

*

ቋሃር ሚካኤል
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባየህ፤

«አዲስ ነገር አለ ወይ» ለምትለኝ፣ አለ። ወረታ ሄጄ ተመርምሬያለሁ።

ይህ ወሬ በአገራችን እንዲህ ቶሎ እንደማይነገር ታውቃለህ። ለመሸሸግ ነጠላዬን አጥብቄ ስታጠቅ እናትህ አዩኝና «ፍቺው» አሉኝ። «ዛሬውኑ ሄደሽ ለክትትል ተመዝገቢ። ዓይን የሚገባ ከሆነ ወደ እኔ ይግባ።»

ደስ ብሎኛል ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል። ፈርቻለሁ። እጄ ሳላውቀው ወደ ወገቤ ይሄዳል፤ የሆዴን ልጅ ጀርባ በእኔ ጀርባ የምዳስሰው ይመስለኛል። ባደርግም ባላደርግም የሚሆነው ሁሉ ማንም በማያየው ቦታ ሆኗል፣ ወይም አሁን እየሆነ ነው። ኪኒኑን እውጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ አይደለም።

አንተስ አትፈራም ወይ? እውነቱን ጻፍልኝ።

አምሳል

*

ሐዋሳ
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአምሳል፤

እፈራለሁ። ግንብ ስገነባ ድንጋይ ከድንጋይ ሲገጥም አይና አንቺን አስባለሁ፤ ሳይገጥም ሲቀር አፈርሰዋለሁ። ሰውመሆን «ይህ ቤት በአንተ ምክንያት ዘንድሮ አያልቅም» ይላል።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ «በሚታየኝ ጀርባው ደህና ነው» ማለቱን ጽፈሽልኛል። እኔ ሳነበው ተንበርክኬያለሁ። አንቺ በዓይንሽ እስክታዪው እንደማታምኚም ገብቶኛል፤ እመኚ ብዬ አላስገድድሽም። ቢጫው አልቆ አሁን ቀዩን በቀን አንድ መጀመርሽን ደግሞ እናቴ ከደብዳቤሽ ቀድማ ነገረችኝ።

ጥር ሲገባ እመጣለሁ። በዚያኛው አልነበርሁም። በዚህኛው እኖራለሁ።

ባየህ

*

ቋሃር ሚካኤል
ታኅሣሥ 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባየህ፤

ሳትመጣ ወሊዱ ስለቀደመህ አትዘን፤ እዚህ ለመሆን አጥብቀህ እንደተመኘህ አውቃለሁ። በወንድምህ በገበያው ስልክ ደጋግመህ «ወንድ ነው ሴት?» ስትል ማንም ያልመለሰልህ፣ ማንም ስላላወቀ ነው። ለምን እንዳላወቁ ልንገርህ።

ወረታ ጤና ጣቢያ ነው የወለድሁት። ሲስተር ይርጋለም ልጁን እንደተቀበለች ልትነግረኝ አፏን ከፈተች። «ቆይ» አልኋት። «መጀመሪያ ገልብጪልኝ።» ገለበጠችልኝ። ከአንገት እስከ ወገብ አየሁት። ሙሉ ነው፣ ባየህ። ክፍተት የለውም። እግሮቹም ሲስተርን ይረግጧት ነበር።

ከዚያ እናትህን አስገቧቸው። እሳቸውም አልጠየቁም። እጃቸውን ታጥበው በአንድ ጣታቸው በጀርባው ላይ ቀስ ብለው ወረዱ፤ እንደገና ወጡ። ከዚያ ደጅ ላይ ቆሙና እልል አሉ።

የመንደራችን ሴቶች ከግቢው ውጭ ተቀምጠው ይቆጥሩ ነበር። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት አይደል። ሦስት ሲያልፍ «ወንድ ነው!» አሉ። ሰባት ሲያልፍ እርስ በርስ ተያዩ። እናትህ አላቆሙም።

«መንታ ነው እንዴ?» አለች አንዷ።

«መንታስ መቼ ይህን ያህል ይባልለታል! የሸዋዓለም ቁጥር ጠፋባት።»

«እትዬ ሸዋዓለም፣ ኧረ በቃ፣ ምን እንደሆነ ንገሩን!» እያሉ ጮኹ። እሳቸው አልነገሩም። ድምፃቸው እስኪዘጋ ቀጠሉ። ስለዚህ ገበያውም አላወቀም፤ ለአንተም አልነገረህም።

ሴት ናት። መልኳ የራሷ ነው።

ሁሉም ሲጨርሱና አልጋዬ ላይ አጠገቤ ሲያስተኟት፣ እንባዬ መጣ። ላቆመው አልቻልሁም። ሴቶቹ ገብተው ነበርና ደነገጡ። «ኧረ አራስ አታለቅስም! ልጅቷ እኮ ደህና ናት!» አሉኝ።

እናትህ ድምፃቸው ተዘግቶ በሹክሹክታ ነበር የተናገሩት። «ተዋት» አሏቸው። «ይህ የፊተኛዋ ነው። ያን ጊዜ እንድታለቅስ መች ፈቀድንላት?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀመጡ። እናትህ በአንድ እጃቸው ሕፃኗን፣ በሌላው እኔን ያዙ። ለልጃችን አለቀስንላት።

አምሳል